ከሰባት ሰዓት በፊት ጤነኛ

ያ መኪና ጠዋት ጠዋት መልአክ ነበር። ከምኖርበት ከባልባላ ቁልቁል ወደ ከተማ ስወርድ ሞተሩ መኖሩ እንኳ አይሰማም፤ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቀው የሚወርዱትን ጎረቤቶቼን በመስኮት ሰላም እያልኩ አልፋቸዋለሁ። ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ጅቡቲ በሙሉ ጫቷን ይዛ ወደ ቤቷ በምትሮጥበት ሰዓት፣ መንገድ መሃል ቀጥ ይላል። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ይለቅብኛል፤ በሶማሊኛም በዓረብኛም በፈረንሳይኛም እሰደባለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ገትሮኝ ከቆየ በኋላ፣ ሲበርድለት ምንም እንዳላጠፋ ሰው ይነሳል። ቢሰበር ይሻለኝ ነበር። የተሰበረ ነገር ለሰው ይታያል።

የገዛሁት በጥር ነው። የአሰብ መንገድ ከተዘጋ አስር ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ የኢትዮጵያ ጭነት በሙሉ በጅቡቲ ስለሚያልፍ እኔ የምሠራበት የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ሥራ በዝቶለት ደመወዜም ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። መኪናውን አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ስምንት ወር ነድቶት አገሩ ሲመለስ ለሻጩ ድርጅት ትቶት የሄደ ነው። ወንበሮቹ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም ነበር። ዋጋው ለሦስት ዓመት በየወሩ ከደመወዜ ሊቆረጥ ፈረምኩ። የጅቡቲ ጥር ነፋሻ ነው፤ ሰውም መኪናም ጤነኛ ይመስላል።

እኔ ብቻዬን አልመረጥኩትም። አባቴ ነው የመረጠልኝ። አባቴ ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ በአሰብ መንገድ ጀምሮ በጅቡቲ መንገድ ጡረታ ወጣ። እናቴ ስትሞት ድሬዳዋ ያለውን ቤት ዘግቶ እኔ ጋ መጣ። ሹፌሮች ሁሉ የሚያውቁት በጆሮው ነው። ሞተር ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል ይባላል። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ፔካ 12 ይወጣል፤ እዚያ ከባድ መኪኖቹ ተሰልፈው ተራ በሚጠብቁበት፣ አንዲት ሻይ ሻጭ ዳስ ሥር ይቀመጣል። ልጅ እግር ሹፌሮች እየመጡ "አባባ፣ እስቲ ይስሙልኝ" ይሉታል። ሻይ ይጋብዙታል። ያቺ ዳስ ባትኖር አባቴ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ያይ እንደነበር አውቃለሁ።

መኪናውን ልንገዛ የሄድን ቀን ኮፈኑን አስከፈተ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። የድርጅቱ መካኒክ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ተማሪ ቆመ፤ እሱም የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ አባቴን በፔካ 12 ያውቀዋል። አባቴ ብዙ ቆየ። ከዚያ "ንጹህ ነው" አለ። የሽያጭ ውሉ ወረቀት ላይ "የገዢ ባለሙያ" የሚል መስመር ነበር፤ ፊርማውን እዚያ ላይ አሳረፈ። እንዴት እንደኮራሁበት!

ግንቦት ገባና ሙቀቱ ሲጀምር መኪናው ጠባዩን አወጣ። የዋስትናው ጊዜ ስድስት ወር ነው። ጉድለቱ በድርጅቱ መካኒክ ዓይን ከታየ መኪናው ይመለሳል፣ ቀሪው ክፍያም ይሰረዛል ይላል ውሉ። ቀላል ይመስላል። ጋራዡ ግን የሚሠራው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ነው፤ የእኔ ጉድ የሚታመመው ከዚያ በኋላ ነው። አምስት ጊዜ ከሥራ አስፈቅጄ ወሰድኩት። አምስቱንም ጊዜ መካኒኩ አስነሳው፣ ነዳው፣ ተመለሰና "እህቴ፣ ወላሂ ምንም የለውም" አለኝ። ሦስተኛው ላይ ፈገግ ማለት ጀመረ። አምስተኛው ላይ ባል እንዳለኝ ጠየቀኝ።

"እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ቆይልኝ፣ በዓይንህ ታየዋለህ" ብዬ ለመንኩት።

"በሰባት ሰዓት?" አለና ሳቀ። እውነቱን ነው። በዚህ ከተማ በሰባት ሰዓት ሰውን ሥራ ላይ ማቆየት የሚችል መንግሥትም የለም። ከቀትር በኋላ ይከፈታል ቢባልም፣ መካኒኩ ጫቱን ትቶ አይመለስም፤ መኪናውም እስከዚያ ይበርድለታል።

አባቴ ከሰዓት በሚኒባስ ፈንታ ከእኔ ጋር ወደ ፔካ 12 ሲወጣ የባልባላ ዳገት ላይ ስንት ጊዜ እንደቆምን! እኔ መሪውን እየደበደብኩ አጉረመርማለሁ። መኪናውን እረግማለሁ፣ ሻጩን እረግማለሁ፤ አንድ ቀንማ "አንተም ንጹህ ነው አልክ!" ብዬዋለሁ። እሱ ከቀኜ ተቀምጦ ፊት ለፊቱን ያያል። ቃል አይመልስም። ዝምታው ከሙቀቱ ይልቅ አቃጠለኝ። ጥፋቱን ማመን ምን ያህል ቢከብደው ነው እል ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ዋስትናዬም አምስት ቀን ቀረው። ሦስት ዓመት ለሞተ መኪና ልከፍል ነው ብዬ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ እልህ መላ አመጣልኝ። ካልቆዩልኝ አቆማቸዋለሁ አልኩ።

በአምስት ሰዓት ከቢሮ ወጥቼ ቤት ደረስኩ። አባቴ "ብቻሽን አትሄጂም" ብሎ አብሮኝ ገባ። ፀሐዩ ሥር ከባልባላ ፔካ 12፣ ከፔካ 12 ባልባላ ተመላለስኩ። ማሞቂያውን ጭምር ከፈትኩበት። የአባቴ ሸሚዝ ከጀርባው ተጣበቀ። ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ሲሆን ጋቦዴ ሰፈር ያለው ሻጩ ድርጅት ደረስኩ፤ ግቢው አንድ በር ብቻ ነው ያለው። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን መልሼ አዞርኩ። ጭጭ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ሠራተኛው ሁሉ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ጫት ሻጯ እስሮቿን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና ትጠብቃለች፤ እነሱ ያይዋታል፣ እሷም ታያቸዋለች፣ መሃል ላይ እኔ አለሁ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከግቢው ውስጥ፣ የራሱ መኪና ላይ ሆኖ ጥሩንባውን ነፋ። ከዚያ ወርዶ መጣ። ድሬዳዋ የተማረ ጅቡቲያዊ ነው፤ አማርኛው ከእኔ አያንስም።

"ማዳም፣ ይሄ እኮ በር ነው።"

"አውቃለሁ። አሞታል። መካኒክዎ ይየው።"

"ግፉት!" አላቸው ሠራተኞቹን። የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፣ በሬን ቆለፍኩ። ከየት ያመጣሁት ድፍረት እንደሆነ ዛሬም ይገርመኛል። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ምርጫ ስላጣ መካኒኩን ጠራው። ወርጄ ቁልፉን ሰጠሁት። ሞከረ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ነካካ፣ ደግሞ ሞከረ። ላቡ አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ "አልነሳ አለ" አለ። ከግንቦት ጀምሮ የጠበቅኳት ቃል ነበረች።

ሥራ አስኪያጁ ግን ቢሮ ገብቶ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። "ሲሸጥ የእርስዎ ባለሙያ መርምሮ ንጹህ ነው ብሏል" አለ ጣቱን ፊርማው ላይ አድርጎ። "ስለዚህ የተበላሸው በእርስዎ አያያዝ ነው። ባለሙያዎ ምርመራዬ ልክ አልነበረም ካላለ በቀር እኔ ምንም ላደርግ አልችልም።"

አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን አባቴ በሩን ከፍቶ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ በአባቴ ግራ ቆሞ ያንኑ መድገም ጀመረ። አባቴ ሰውነቱን በሙሉ አዞረና ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ነካ።

"ልጄ፣ በዚህኛው ንገረኝ።"

ነገረው።

"ፊርማው የእኔ ነው" አለ አባቴ። "ምርመራው ግን ልክ አልነበረም። ግራ ጆሮዬ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። ቀኙም ሰው ሲያናግረኝ ነው እንጂ ሞተር አይለይልኝም። በእጄ ዳብሼ ነው የፈረምኩት።"

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሊስቅ ብሎ ተወው። እኔ ያ መዳፍ፣ ያ የተጨፈነ ዓይን ታየኝ።

በዚያች ቅጽበት ምን ማለት እንዳለብኝ በደንብ አውቄ ነበር። መካኒካቸው ሁለት ደህና ጆሮ ይዞ አምስት ጊዜ ሰምቶት ምንም አላገኘበትም፤ ጠዋት ለማንም የሚሰማ ነገር አልነበረውም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ብዕር ከኪሱ ሲያወጣ አየሁ፤ ዝም አልኩ። በወረቀቱ ጀርባ ላይ ባለሙያው የመስማት ችግር እንዳለበት በራሱ አንደበት አረጋግጧል፣ መኪናው ተመላሽ ይሁን ብሎ ጻፈ። አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ ፈረመ። መኪናውን ገፍተው በሩን ከፈቱ፤ ሁሉም ወደ ጫት ሻጯ ሮጠ።

ከጋቦዴ ትንሽ በእግራችን ሄደን ወደ ፔካ 12 የሚያልፍ ሚኒባስ ያዝን። እንደ ልማዴ በግራው ተቀመጥኩና "አባዬ፣ ጨረስን እኮ፣ ተገላገልን" አልኩት። ፊት ለፊቱን አየ። ያኔ ገባኝ። መኪናው ውስጥ እኔ ሁልጊዜ በግራው ነበርኩ። ሦስት ወር ገደማ ያጉረመረምኩት፣ የረገምኩት፣ "አንተም" ያልኩት ሁሉ ወደ ሞተ ጆሮ ነው የገባው። አንድ ሰው ሲወርድ ተነስቼ በቀኙ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት ጤነኛ ነበር" አልኩት። "የማንም ጆሮ አይሰማውም ነበር።"

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ" አለ። ከዚያ፣ ያለ ቁጣ፣ "በሩ ላይ ግን አልተናገርሽም" አለኝ።

አባቴ ወደ ፔካ 12 የሚወጣበት ሰዓት ነበር፤ ሻይ ሻጯም ወንበሩን አዘጋጅታ ይሆናል፤ ሹፌሮቹም ሞተር ሊያሰሙት ይጠብቁታል። የባልባላው ሰፈራችን ጋ ስንደርስ ግን ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ለመውረድ የመስኮቱን ብረት አንኳኳ። ሚኒባሱ ቆመ፤ አብረን ወረድን።