አልቢና ያጠበቀችው ቋጠሮ

ቨርና የላስቲኩን ዓሣ መንጠቆው ላይ ስትሰካ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ሥራው ለእሷ አዲስ አይደለም። የእርሳስ ራስ ያለውን መንጠቆ በግራ እጅ ይዞ፣ ሹሉን በላስቲኩ አፍ አስገብቶ፣ በወገቡ መሐል አሳልፎ በጀርባው ማውጣት ነው። ትንሽ ከተጣመመ ውኃ ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ እንደ ዓሣ አይዋኝም፤ የሚሽከረከረውን ደግሞ ትልቅ ዓሣ ዞር ብሎ አያየውም። ላስቲኩንም ራሷ ናት ጓዳዋ ውስጥ አቅልጣ፣ ቅርጽ ውስጥ አፍስሳ የሠራችው፤ ጀርባው የወይራ ቅጠል መልክ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ እንደ ማንኪያ ሰፋ ያለ። ሦስቴ ሰካችው፤ ሦስቴም ጠመመባት።

«ዓይንሽ ነው እጅሽ ነው ያረጀው?» አለች ታላቅ እህቷ አልቢና። የመኪናው ኋላ ላይ ተቀምጣ የውኃ ጫማዋን ታስራለች።

«ብርዱ ነው።»

«በመስከረም? እኔ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ላቤ ይንጠባጠባል፤ አንቺን ይበርድሻል! በይ አምጪው፣ ወይ ደግሞ ባሕሩ እስኪደርቅ ልንጠብቅሽ ነው?»

ቨርና ፈገግ ብላ ላስቲኩን አቀበለቻት። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሁሉ የኖረችው በዚሁ በማታጎርዳ ባሕር ዳርቻ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ባሕሩ ሲገቡ ጉድጓድ ረግጠው ሁለቱም ሰጠሙ። አባትየው እየሳቁ ብቅ አሉ። እሷ ግን ዝም ብላ ወጣች፤ ዝም እንዳለችም ቀረች። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሯን የማታይበት ውኃ ያስፈራታል። ለማን ይነገራል? በዚያ አገር ባሕር የሚፈራ ሰው ማለት ከብት የሚፈራ እረኛ ማለት ነው። ስለዚህ ፍርሃቷን በሥራ ሸፈነችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ሠራች። ሰዎች የያዙትን ዓሣ አጸዳች፣ ላስቲክ አፈሰሰች። ባሏ ኤድመንድ፣ «የእኔ ሚስት ዓሣ የምትይዘው ከጓዳዋ ሳትወጣ ነው» እያለ ይኮራባት ነበር። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ አልቢና፣ «ቤት ውስጥ ሻግተሽ ልትሞቺ ነው» ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ባሕሩ ትጎትታት ጀመር።

ባሕሩ እዚያ ጋ ሦስት የአሸዋ ጉብታ አለው፤ ማዕበሉ በሦስት መስመር የሚሰበረው ለዚህ ነው። ከየጉብታው በፊት ቦይ አለ። የመጀመሪያው ቦይ ጉልበት ይደርሳል፣ ሁለተኛው ደረት፤ ሦስተኛውን የሚሻገረው ዋናተኛ ብቻ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ግን ሁለተኛውም ሰው ይውጣል። ትልልቆቹ ቀይ ዓሦች ከሁለተኛው ጉብታ ወዲያ ይመላለሳሉ። ቨርና ከመጀመሪያው ጉብታ አልፋ አታውቅም። «ዓሣው እዚህም ይመጣል» ትላለች። አይመጣም።

አልቢና ጫማዋን አስራ ስትጨርስ የዓሣውን ገመድ በወገቧ ቀበቶ ላይ አዞረች። ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚያጠምድ ሰው የያዘውን ዓሣ በነፍሱ እንዳለ ረጅም ገመድ ላይ ሰክቶ፣ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ኳስ አስሮ ከኋላው ይጎትተዋል። ሻርክ ያንን ያሸታል። አባታቸው ታዲያ ደጋግመው ይሉ የነበረው አንድ ነገር ነው፦ «ገመዱ በአንድ ጉተታ የሚፈታ ይሁን። ሻርኩ ከጠየቀ ስጡት።»

አልቢና ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ቀጥላ ጉጠቷን አንስታ ቋጠሮውን ሲጢጥ እስኪል አጠበቀችው፤ ጉጠቱንም እዚያው መኪናው ላይ ጣለችው።

«አልቢና፣ ያ ቋጠሮ…»

«ምን ሆነ?»

«አይፈታም እኮ።»

«እንዳይፈታ ነው የቋጠርኩት! አምና በዚያ በአባባ ቋጠሮ ሦስት ዓሣ አምልጦኝ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ስገባ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? “የሻርክ ቀላቢ መጣች!” ነገ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ ምሳ ዓሣ አመጣለሁ ብያለሁ። ባዶ እጄን ከምገባ ከነገመዱ ብወሰድ ይሻለኛል።»

«እንዲህ አይባልም!»

«ተባለ። ነይ እንግባ፣ ጫጩት።»

ገቡ። በዚያ ውኃ እግር አይነሣም፤ አሸዋውን እየጠረጉ ይሄዳሉ። ከሥር ጅራተ መርዝ ጠፍጣፋ ዓሣ ተኝቶ ይሆናልና። ቨርና እየጠረገች የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ደርሳ ቆመች። አልቢና ወደ ኋላ ሳታይ ሁለተኛውን ቦይ እስከ ብብቷ ገብታ ተሻገረች። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት አትመስልም። ወረወረች፤ ላስቲኩ እስኪሰጥም ጠበቀች፤ ዘንጉን ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጋ ለቀቅ አደረገችው። ዘንጉ ጎበጠ።

ብዙ ከታገለች በኋላ ጅራቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት፣ የክንድ ያህል ቀይ ዓሣ አወጣችና ገመዱ ላይ ሰካችው። ብዙም ሳትቆይ ሁለተኛውን ደገመች።

«ያንቺ ላስቲክ ነው የሚይዘው!» ብላ ጮኸች። «ባለቤቷ ግን እንደ ሽመላ እዚያ ተገትራለች!»

ቨርና ግን የምታየው ውኃውን ነበር። ጉልበቷ ላይ የነበረው አሁን ጭኗ ላይ ደርሷል። ባሕሩ እየሞላ ነው። «አልቢና፣ ውጪ! ውኃው!» ብላ ተጣራች። የአልቢና ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ ማዕበሉ ሲጨመርበትማ ምን ትሰማለች። እጇን አወዛወዘችላት። አልቢናም ሰላምታ መስሏት መልሳ አወዛወዘች።

ከዚያ ትንንሽ ዓሦች እንደ ተበተነ ጠጠር ከውኃው ዘለሉ። ከአልቢና ኋላ ያለው ነጭ ኳስ ሰጠመ። ብቅ አለ። እንደገና ሰጠመ፤ አልወጣም። አልቢና በጀርባዋ ወደቀች።

ስትነሣ ውኃው አንገቷ ላይ ነበር። ገመዱ ወደ ጥልቁ ይጎትታታል። ሁለት እርምጃ ተቋቋመችው፤ እንደገና ወደቀች። «ቢላ!» ትላለች። «ቨርና፣ ቢላ!»

ቨርና ወደ ዳርቻው ዞረች። ከራሳቸው መኪና በቀር ሩቅ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የምትታይ አንዲት ነጭ መኪና አለች። ሰው የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት የሸሸችው ውኃ እህቷን ይዞ ፊቷ ቆሟል። አንገቷ ላይ የላስቲክ ጠርዝ የምትከረክምባት ትንሽ መቀስ ተንጠልጥላለች። ሌላ የያዘችው ነገር የለም። ዘንጓን አሸዋው ላይ ሰካችና ሁለተኛው ቦይ ውስጥ ገባች።

ውኃው ደረቷ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ አገጯ ላይ። ከዚያ አሸዋው ከእግሯ ሥር ጠፋ። ዋና አትችልም። እንደ ውሻ እየቧጠጠች፣ ጨው እየዋጠች፣ ዓይኗን ጨፍና ሄደች። አንድ ነገር ጭኗን ታከካት፤ እንደ አሸዋ ወረቀት ሻካራ፣ ረጅም፤ ቶሎ አላልቅ ያለ። አፏን ከፍታ ጮኸች፤ ውኃ ሞላባት። ማዕበል አንሥቶ ሁለተኛው ጉብታ ላይ ጣላት። ስትንፈራገጥ እጇ የአልቢናን ቀበቶ አገኘ።

«ዓሦቹን እንዳትለቂ!» አለች አልቢና፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ። «ቀበቶውን ፍቺው እንጂ ገመዱን አትቁረጪ!»

«ዝም በይ!» አለች ቨርና። እህቷን ዝም በይ ስትል በዕድሜዋ የመጀመሪያው ነው።

መቀሷ ትንሽ ናት፤ ገመዱ ወፍራም። ቃጫውን አንድ በአንድ ቆረጠችው። በእያንዳንዱ ጉተታ ሁለቱም ወደ ጥልቁ አንድ እርምጃ ይሳባሉ። ለመጨረሻው ቃጫ መቀሱ አላስፈለገም፤ ራሱ ተበጠሰ። ነጩ ኳስ ነፍስ እንዳለው ነገር ውኃውን እየሰነጠቀ ወደ ባሕሩ ሄደ።

እንዴት እንደ ተመለሱ ቨርና በደንብ አታስታውስም። ተያይዘው ነበር። አንዴ አልቢና ከላይ፣ አንዴ እሷ። ዳርቻው ላይ ሲደርሱ በእንብርክካቸው ደረቅ አሸዋ ድረስ ሄደው ተዘረጉ።

ብዙ ቆይታ አልቢና ገመድ የላጠውን መዳፏን እያየች፣ «ሦስት ነበሩ» አለች።

«ሁለት ናቸው።»

«ሦስተኛውን እየሰካሁ ነበር። ትልቁን።» ከዚያ ወደ ቨርና ዞረች። «አንቺ ስትመጪ አየሁሽ። ምን ዓይነት ዋና ነው እሱ?»

«ዋና አልችልም።»

«ምን?»

«ዋና አልችልም!» ብላ ቨርና ጆሮዋ ሥር ጮኸች። «ውኃ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

አልቢና አልሳቀችም። እጇን አንሥታ የቨርናን እርጥብ ፀጉር ከግንባሯ ላይ ገለል አደረገች። «ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አልቢና ተነሥታ መዳፏን በፎጣ ጠቀለለች፣ ከመኪናው ፊት በፕለም የተሞላውን ኮላቼ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ አውጥታ ለሁለት ገመሰችው። አኝካ ስትጨርስ በአገጯ ወደ ባሕሩ አመለከተች። ከመጀመሪያው ጉብታ ላይ የቨርና ዘንግ ጫፍ ከውኃው በላይ ይወዛወዛል።

«ሂጂ አምጪው እንግዲህ። ገና ጭን ነው፤ ቅርብ ነው። እኔ እጄ አይዝልኝም።»

«እሺ» አለች ቨርና።

ተነሥታ ወረደች። ውኃው ጣቶቿን ነካ፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷን። ቅርብ ነው፤ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። የሻካራው ነገር መንካት ገና ጭኗ ላይ አለ። የሚቀጥለው ማዕበል መጥቶ እግሯን በአረፋ ሸፈነባት፤ እግሯ ጠፋ። ሲመለስ ታየ። እሱን ካየች በኋላ ዞራ ወጣች፤ መኪናው ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች።

«ዘንጉስ?» አለች አልቢና፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ።

ቨርና የመኪናውን ቀበቶ አሰረች። «ንጂው» አለች።