ጎረቤቱ ሁሉ የሳቀበት ምሽት

የመጨረሻው ተራ ቀን የጀመረው በመላክ ነው። እናታችን ጧት ሁለታችንን አስነሥታ ሦስት ቦታ ላከችን፤ ከአክስታችን ቤት የዘር ጤፍ እንድናመጣ፣ ለመሳል የተሰጠውን ማረሻ ከቀጥቃጩ እንድንቀበል፣ በዚያውም ለታመሙት የንስሐ አባታችን አንድ ቅል እርጎ እንድናደርስ። ቤታችን ከወጀት ወጣ ብላ ነበር። ወጀት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትባለው ከተማ ናት። ያኔ ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በመንገዱ በጭነት መኪና፣ በካሚዮን፣ ይመላለስ ነበር። አርበኛው ደግሞ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ገጠር ይዞ ነበር። እኛ በመካከል እናርስ ነበር።

ታላቅ ወንድሜን አያ እለው ነበር፤ በእኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም። እርሱ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ አሥራ ስድስት። አባታችን ከጦርነቱ በፊት ስለሞተ ሞፈሩም መላኩም በአያ ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር። ግን... እንዴት ልበለው፣ አያ መንገድ ሲሄድ በቀጥታ አይሄድም። ልጆች የሚጫወቱበትን ቦታ ካየ ይቆማል።

አያ መጫወቻ ይሰበስብ ነበር። የሚገዛ መጫወቻ በአገራችን አልነበረም። እርሱ የሚሰበስበው ልጆች ራሳቸው የሠሩትን ነው፤ የጭቃ በሬ፣ የማሽላ አገዳ ፈረስ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ተጠምጥሞ የተሠራ ሙሽራ። ልጁ ሲሰለቸው ወይም እናቱ ስትጠራው ጥሎት የሚሄደውን። ሳይጠይቅ ግን አያነሣም። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የሽምብራ ቆሎ ነበር፤ በዚያ ይለውጣል።

ያን ቀን ከአክስታችን ስንመለስ ምንጭ ዳር አንድ ልጅ ከጭቃ ካሚዮን ሠርቶ አገኘነው። ውስጡ የተሰለፉት ሶላቶዎች፣ የጣልያን ወታደሮቹ፣ ጥቃቅን ጠጠሮች ነበሩ። አያ ቁጢጥ ብሎ ሲመለከተው ቆየ። ልጁ ቆሎውን ተቀብሎ እያኘከ፣

«ትልቅ ሰው ሆነህ ምን ያደርግልሃል?» አለው።

«አንተ ስታድግ ትረሳዋለህ። እኔ ላስታውስልህ ብዬ ነው።»

«አልረሳውም።»

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር» አለው አያ።

ልጁ ትንሽ አሰበና ከጠጠሮቹ አንዱን አንሥቶ ለራሱ አስቀረ። ይኼ ሹፌሩ ነው፣ ሹፌሩን አልሰጥም አለ። አያ እስከ ቤት ድረስ በዚህ ሲስቅ መጣ። ሹፌር የሌለው ካሚዮን ለአገራችንም ሳይሻል አይቀርም አለኝ። እየሳቅን ማረሻውን ረሳነው። እኔ ተመልሼ ሄድኩ። እርሱ ካሚዮኑን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ገባ።

እናቴ፣ «የሰው ልጅ በሬ ያደልባል፣ የእኔ ልጅ ጭቃ ያደልባል» አለች። ምላሷ የሚፈራው ጎረቤታችን ሴትዮ ደግሞ ከአጥር ወዲያ ሆና ለሙሽራዋም ጥሎሽ የጭቃ ላም ልትሰጣት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ያኔ የታጨችለት ልጅ ነበረች። አያ፣ ካልታለበች አትነጥፍም፣ ከእርስዎ ላም ትሻላለች ብሎ መለሰላት። የሴትዮዋ ላም በዚያ ሰሞን ነጥፋ ነበርና እርሷው ራሷ ሳቀች።

መጫወቻዎቹ ከጎታው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ይቀመጣሉ። ማታ እሳቱ ሲነድ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ይወድቃል። ከእውነተኛ በሬ የሚበልጥ መንጋ። ልጅ ሳለሁ እፈራቸው ነበር፤ ኋላም ቢሆን ቀና ብዬ ሳያቸው ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። አንድ ማታ አያ ከበሬዎቹ አንዱን አውርዶ መዳፌ ላይ አኖረው። አንገቱ ወደ መሬት ያዘነበለ ነው። እኔ ልጁ ማቃናት አቅቶት መስሎኝ ነበር። አያ አይደለም አለኝ፤ ሲመሽ ከእርሻ የሚመለስ በሬ ነው፣ ልጁ የሠራው ድካሙን ነው አለኝ። ጭቃ እንደሚደክም ያኔ አየሁ።

በቤታችን የነበሩት መጻሕፍትም ከእርሱ ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ደብረ ማርቆስ ጥቂት ተምሮ ሲመለስ ሁለት የልብ ወለድ መጻሕፍት ይዞ መጣ። ወታደር ቤት ስለሚፈትሽ ቀን ቀን ጎታ ውስጥ እህል ሥር ይውላሉ፣ ማታ አቧራቸው ተራግፎ ይነበባሉ። ማንበብ ያስተማረኝ በእነርሱ ነው። እኔ ግን ስናገርም ሳነብም አንደበቴ ይይዘኛል። ዛሬም ይይዘኛል።

እናቴ መጀመሪያ ታሪኩን እውነት አድርጋ ነበር የሰማችው። አንዱ መጽሐፍ መጋለብ ሳይችል ውድ ፈረስ ስለገዛ የከተማ ሀብታም ነው። ያ ሰውዬ አሁን ከጣልያን ተርፎ ይሆን ብላ ጠየቀች። አያ ኧረ ከነጭራሹ አልተወለደም፣ ጸሐፊው ከልቡ ያወጣው ነው አላት። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ያልተወለደ ሰው ነው እንዲህ የሚያስቀኝ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ሲወጣ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች። ለእንግዳ እንደምትቀመጠው።

የጭቃውን ካሚዮን ባገኘን በማግስቱ አያ አህያውን በርበሬ ጭኖ ወደ ቡሬ ወጣ። በርበሬውን ሸጦ ጨው ሊገዛ ነው። ማታውን እዚያ ከሚያውቁን እስላም ነጋዴዎች ቤት አድሮ በማግስቱ ይመለሳል። መንገዱ የለመደው ነው። እናቴ ከደጃፍ ሆና ጨው፣ መርፌ፣ ለአክስታችሁ ጥቁር ክር እያለች ስትጨምርለት እርሱ እየራቀ እሺ እሺ ይል ነበር። እኔ በሬዎቹን ይዤ ወደ ግጦሽ ወረድኩ። አልተሰናበትነውም። ለምን እንሰናበተዋለን?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእናቴ ወንድም፣ ማንኩሳ የሚኖረው አጎቴ፣ በቤቱ መንገድ ሳይሆን በሜዳው በኩል ወደ እኔ መጣ። ኩታው አፈር ነክቶታል። አጠገቤ ተቀምጦ ነገረኝ። ከማንኩሳ አለፍ ብሎ አርበኞች በሚያልፉ ካሚዮኖች ላይ ተኩሰው ነበር። ሶላቶዎቹ ደግሞ በመንገዱ ላይ ባገኙት ሁሉ ተኮሱ። አያ አህያውን ከመንገድ ሊያወጣ ሲጎትት ተመታ። አጎቴ ሲደርስ ሕይወቱ አልፎ ነበር። ሬሳውን እንዳያመጡት መንገዱ በወታደር ተይዟል፤ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። አጎቴ ይኼን ሁሉ ሲነግረኝ ሣሩን ይነጭ ነበር። እኔ እጁን ነበር የማየው።

ወደ ቤት ልሮጥ ተነሣሁ። አጎቴ ጋቢዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

«መርዶ በጧት ነው» አለኝ። «እህቶቿ ይምጡ፣ የሚይዛት ሰው ይኑር። ዛሬን የሁለት ልጆች እናት ሆና ትደር።»

እርሱ ከገባ ፊቱ እንደሚያሳብቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ጎረቤት ሊያድር ነው። ከእርሷ ጋር የማመሸው እኔ ነኝ። ማታ አያ ስለሌለ አንብብ ብትለኝሳ አልኩት። አንብብላታ አለኝ። እንዳታነብ ያደረገህ ምንድን ነው ብትል ምን ልትመልስ ነው አለኝ።

በሬዎቹን አስገባሁ። እራት በላሁ፤ በላሁ ስል እርሷ እያየችኝ ዋጥኩ። ከዚያ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ያቺ ምላሰኛ ጎረቤታችን እሳት ልትለኩስ ገባች። እሳቱን ግን ሳትይዝ ተቀመጠች። ቀጥሎ ባሏ መጣ፣ የጠፋች ፍየል እፈልጋለሁ ብሎ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ቀጥለው ሁለት ሴቶች። ሁሉም መርዶውን ሰምተዋል። ሁሉም ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው እንደ ወትሮው ተቀብቷል። ማንም ማንንም አያይም። እናቴ ደስ አላት። ቤቱ እንዲህ መሙላቱን አይታ፣ የልጄ መጽሐፍ ዛሬ ዝናው ወጣ፣ እርሱ ሳያይ ቀረ እንጂ አለች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

መጽሐፉን አወጣሁ። የደረስነው ሀብታሙ በሠርግ ቀን በሰው ፊት ፈረሱ ላይ ሊወጣ የሚሞክርበት ቦታ ነበር።

አነበብኩ። እንዴት እንዳነበብኩ አላውቅም። ፊደሎቹ ይንቀሳቀሱ ነበር። ቃል ይዤ ቆማለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ያን ማታ ብቻ አንደበቴ መያዙ ጠቀመኝ። እናቴ ያንተ ነገር፣ ፈረሱ እስኪቆም ሰውዬው አረጀ እያለች ትጠብቀኝ ነበር እንጂ ምን ሆነህ አላለችኝም። ሀብታሙ ከወዲህ ወጥቶ ከወዲያ ሲወድቅ ሳቀች። ከልቧ ሳቀች።

ያን ጊዜ ሁሉም ሳቁ።

ይኼን መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው ሳቁ፣ ፍየል ጠፋችብኝ ያለው ሰው ጭኑን መታ። ምላሰኛዋ ጎረቤታችን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እናቴ በእርሷ ሳቅ ደግሞ አዲስ ሳቀች፤ ይቺ ሴት በሳቅ ልትሞት ነው አለች። ሴትዮዋ ነጠላውን ሳታነሣ፣ «ቀጥል አንተ ልጅ፣ ፈረሱ ምን አደረገ?» አለችኝ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። እንዴት ቀጥ እንዳለ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ከነጻነት በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ተማርኩ። ስለ ታላላቅ ሰዎችና ስለ ድሎቻቸው ብዙ ተነገረኝ። እኔ ግን የሰው ጉልበት ሲባል የሚታየኝ ያ ቤት ነው። የሚያርሱና የሚፈትሉ ሰዎች አንዲት ሴት አንድ ሌሊት ሳትሰበር እንድታድር እሳት ዳር ተቀምጠው ሞትን በመካከላቸው ደብቀው፣ ላልተወለደ ሰው ሲስቁ። ማንም ቀድሞ አልተነሣም። እናቴ ራሷ፣ በሉ ልጄ ደክሞታል ብላ እስክታሰናብታቸው ቆዩ። ሲወጡ እያንዳንዳቸው ደህና እደሪ አሏት። ከወትሮው ዘግየት አድርገው አሉት።

እርሷ ተኛች። እኔ ትንፋሿን ስሰማ አደርኩ።

ወገግ ሲል ተነሥታ ቤቱን ጠረገች። ከዚያ ወደ ምንጭ ልወርድ ነው ብላ እንስራዋን አነሣች። ምንጭ ከወረደች በመንገድ ያገኘ ሁሉ ይነግራታል። እኔ እቀዳለሁ ብዬ እንስራውን ተቀበልኳት። የወንድ ልጅ ውኃ መቅዳት አስቆ መለሳት፤ ተወው ይቆይ አለች። ይልቅ አህያው ጨው ጭኖ ዳገቱን አይወጣም፣ ሂድና ወንድምህን መንገድ ላይ ተቀበለው አለችኝ። ዱላዬንም ከጥግ አንሥታ ሰጠችኝ።

ልካኝ እንቢ ብያት አላውቅም። ዱላውን ይዤ ወጣሁ። ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ አጎቴና ሽማግሌው ከፊት፣ እህቶቿ ከኋላ ሆነው ሲመጡ አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ተከትዬ ገባሁ።

እናቴ ሁሉንም አየች። እንግዳ ስትቀበል እንደምትለው፣ ግቡ አለች። ሽማግሌው ዓለም እንዲህ ናት፣ የሰው ልጅ እንግዳ ነው እያሉ በወጉ ጀመሩ። መርዶ እንዲህ ከሩቅ ዞሮ ነው የሚቀርበው። እርሷ ግን እየሰማቻቸው አልነበረም። ዓይኗ ከሰዎቹ መካከል እኔን አገኘ።

«አንተ፣ ወንድምህን ልትቀበል አልሄድህም?»

ሽማግሌው አቆሙ። ሁሉም ጠበቁ። መናገሩ የእኔ አልነበረም፤ የታናሽ ወግ አይደለም። ግን የጠየቀችው እኔን ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ ያዘኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ ያዘኝ። ማንም አልጨረሰልኝም። እርሷ እንደ ማታው ጠበቀችኝ።

«የም... የምቀበለው የለም፣ እማየ» አልኳት።

ዱላውን ጥዬ፣ ሳትወድቅ በፊት ወገቧን ያዝኩ።