የእኛ ቤት የአዲስ አበባ ሽርሽር

አዳማ ተወልደው ያደጉ ልጆቼ፣ ትልቋ ዘጠኝ ትንሹ ስድስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ አዲስ አበባን አያውቁም ነበር ብል ማን ያምነኛል? መንገዱ እኮ የአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሰው ጠዋት ሄዶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ለራት ይመለሳል። እኛ ግን በየዓመቱ «ዘንድሮ እንወስዳችኋለን» እያልን፣ በየዓመቱ አንድ ነገር እየቀደመን፣ መጨረሻ ላይ ልጆቹ መጠየቁንም ተዉት።

ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያራግፋል፤ ቤቱ የሚያድረው በወር ጥቂት ቀን ነው። እኔ ሽንኩርት ተራ መደብ አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሰው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ባሌ ከመሬት ተነስቶ «በቃ፣ ዘንድሮ እንሂድ» አለ።

«የት ልናድር? የአልጋ ዋጋ ሰምተሃል?» አልኩት።

«ወንድሜ ቤት» አለ።

የያዝኩት ቢላዋ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በእናታቸው ተዝካር ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ታላቁ «አንተ መሪህን እንጂ እናትህን አታውቅም» ብሎት፣ ባሌ ሰሃኑን አስቀምጦ እንደወጣ ቀረ። ነገሩ ያንገበገበው እውነት ስለሆነ ነው። እናታቸው ስትታመም ያስታመመው ታላቁ ነው፤ ይሄኛው መንገድ ላይ ነበር።

«ደውዬለታለሁ» አለኝ።

«ምን አለህ?»

«‹ና፣ ፍራሽ አለ› አለኝ። ሌላውን በአካል እንነጋገራለን። እግሩ ላይ እወድቃለሁ በቃ፤ ታላቄ አይደል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ዕቅዱ የድሃ ዕቅድ ነበር። ቅዳሜ በጠዋት በሚኒባስ ሄደን ሰኞ እንመለሳለን። ምሳ አንገዛም፤ እንቁላል ቀቅዬ ከዳቦ ጋር እይዛለሁ። ከተማውን የምናየው በባቡር ነው፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በመስኮት እያየን፣ ሲያልቅ ደግሞ መመለስ። ትልቋ የግድ አንበሳ ማየት አለብን አለች፤ ትንሹ አንበሳው ከባቡሩ ይታይ እንደሆነ ጠየቀ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ከመደቤ ምርጥ ምርጡን ሽንኩርት ለይቼ በማዳበሪያ ሞላሁ። ባሌ ከጅቡቲ መንገድ በደወለ ቁጥር የጭነቱን ወሬ ትቶ «ወንድሜ ክትፎ ይወዳል፤ እሁድ የምጋብዘው እኔ ነኝ» ይላል። እሱ! ሻይ ቤት እንግባ ስለው «ቤት ሻይ የለም እንዴ?» የሚለኝ ሰውዬ!

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መደቤ ላይ እንዳለሁ የባሌ አጎት ከአዲስ አበባ ደወሉ።

«ልጄ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?»

እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? ወንድምየው ጠዋት ሥራ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር ወድቆ በዚያው ቀረ። ቀብሩ በማግስቱ ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት።

«ባልሽ የት ነው?»

«መንገድ ላይ ነው፤ ከጅቡቲ እየገባ።»

«በይ እንዳትነግሪው! መሪ ይዞ? አንዱን ቀብረን ሌላውን ልንደግም ነው? ቅዳሜ ልትመጡ አልነበር? እንደታሰበው ይዘሽው ነይ፤ እኛ እዚህ ሰብሰብ ብለን እናረዳዋለን።»

«እሺ» አልኩ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድብኝም፤ እኔም በራሴ አልፈርድም። መሪ ለያዘ ሰው መርዶ አይነገርም።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባሌ ደወለ። «ሞጆ ገባሁ። ወረፋ ይዣለሁ፤ ማታ ቤት ነኝ። የልጆቹ ልብስ ታጥቧል?» ሞተሩን አጥፍቶ፣ እግሩ መሬት ረግጦ ነው የሚያወራኝ። ከሞጆ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እስከ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ሙሉ ነበረው። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ።

«ታጥቧል» አልኩት።

ስልኩን እንደዘጋሁ አዳማ አቅራቢያ ደራ ላሉት አባቴ ደወልኩ። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ነገር አያበዙም። ሁሉንም አወራኋቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ሲያዝኑልኝ «ልጄ» የሚሉኝ በኦሮምኛ ነው። «ንገሪው። ሰው ወንድሙን ይቅበር እንጂ። ለቅሶ ዓመትም ቆይቶ ይደረሳል፤ ቀብር ግን አንዴ ነው።»

ለአጎቱ መልሼ ደወልኩ። ሰውዬው ቱግ አሉ። «መርዶ በስልክ? የት ያየሽው ነው? በዚያ ሁሉ መኪና መሃል፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው በሌለበት? ኧረ ሰው ምን ይላል!»

አዎ፣ ሰው ምን ይላል። እውነቱን ልናገር፤ የፈራሁት ለባሌ ብቻ አልነበረም። «ባሏን በስልክ አረዳችው» መባልን ፈራሁ። ጩኸቱን በጆሮዬ መስማት ፈራሁ። ከሁላችን አስተውለው የተናገሩት አባቴ ነበሩ፤ እኔ ግን አጎትየውን ሰማሁ።

ስለዚህ ዕቃ ማሰናዳቴን ቀጠልኩ። ጥቁር ነጠላዬን ከሻንጣው ሥር አነጠፍኩና የልጆቹን የክት ልብስ ላዩ ላይ ደረደርኩ። ትልቋ አይታኛለች።

«እማ፣ ጥቁሩ ነጠላ ለምንድን ነው?»

«አዲስ አበባ ብርድ ነው» አልኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንቁላል እየቀቀልኩ ነበር። ሰዓቱን አየሁና አማተብኩ፤ ድስቱን አወረድኩ።

ባሌ ማታ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ፂሙን ተላጭቶ ገባ። «ምነው፣ ሙሽራ መሰልክ!» አለችው ትልቋ። «ወንድሜ ጎፈሬ ይዤ እንዳያየኝ ብዬ ነዋ፤ ሞጆ ቁጭ ብዬ ተቆረጥኩ» አላት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። በዕድሜዬ ሽንኩርት የጠቀመኝ ያን ቀን ነው። «ስልኩን አያነሳም እኮ» ሲለኝ «ረስቶት ወጥቶ ይሆናል» አልኩት። ውሸት ውስጥ አንዴ ከገቡ፣ የሚቀጥለው ራሱ ይመጣል።

ቅዳሜ ሚኒባሱ ውስጥ ትንሹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በሞጆ በኩል ስናልፍ «አያችሁ? አባታችሁ ወረፋ ሲጠብቅ የሚውለው እዚያ ነው» እያለ በጣቱ ያሳያቸዋል። እንደዚያ ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ወደ ወንድሙ ሰፈር ስንታጠፍ አጎቱና ሦስት ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁናል። «ኑ፣ መጀመሪያ እዚህ ግቡ» ብለው ወደ ጎረቤት ቤት ሊመሩን ሲሉ ትንሹ ልጄ ጮኸ።

«አባ፣ ድንኳን! ሰርግ አለ!»

ባሌ ድንኳኑን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ። ከዚያ ዞሮ፣ ሻንጣውን ከፍቼ ጥቁሩን ነጠላ ከሥር ስጎትት እኔን አየኝ። የጮኸውን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። ማዳበሪያው ከትከሻው ወድቆ ሽንኩርቱ ቁልቁል ሲንከባለል፣ ልጆቹ ሊለቅሙ ሮጡ።

በነጋታው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ በቀስታ ጠየቀኝ።

«መቼ ተቀበረ?»

«ዓርብ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ዘጠኝ ሰዓት እኔ ፀጉሬን እየተቆረጥኩ ነበር» አለ። «አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ሐሙስ።»

ሌላ አልጠየቀኝም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። ምነው በጮኸብኝ ብዬ ስንቴ ተመኘሁ።

አንበሳ አላየንም፤ ባቡርም አልተሳፈርንም። እንቁላሉ ሰኞ አዳማ ስንደርስ ሸትቶ ከነፌስታሉ ጣልኩት። ልጆቹም አዲስ አበባ ምን አያችሁ ሲባሉ «ድንኳን» ይላሉ። ባሌ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ሲደውል «ደህና ናችሁ?» አይልም፤ «ያለውን ተናገሪ» ነው የሚለው። እኔም በየቀኑ ምንም የለም እያልኩ እምላለሁ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ለአንዲት ደንበኛ ሽንኩርት እየመዘንኩ ስልኬ ጮኸ። ባሌ ነው። ወንድሞቼ ከደራ ደውለው «ቀስ አድርገህ፣ ሳታስደነግጥ አምጣት» ብለውት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

«አባትሽ አረፉ» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን አምስት ሰዓት ነው፤ ትደርሻለሽ። ተነሽ።»

ሚዛኑ ከእጄ ወደቀ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። የሽንኩርት ተራ ሴቶች ሮጠው መጥተው ያዙኝ፣ ውሃ አፈሰሱብኝ። «ምን ዓይነት አረመኔ ነው! እንዴት በስልክ ያረዳል?» እያሉ ባሌን ረገሙት። ወንድሞቼም ኮንነውታል፤ እስከ ዛሬ በዚያ ገበያ ስሙ የሚነሳው በዚሁ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ደራ ገባሁ። ሳጥኑ ሳይዘጋ የአባቴን ፊት አየሁ። «ያኔ ምክርዎን አልሰማሁም፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። በእጄ አፈር አለበስኳቸው።

ከቀብሩ ስመለስ ባሌን አየሁት። መኪናውን መተሃራ አቁሞ፣ በሰው መኪና ተሳፍሮ ደርሶ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሟል። ያን ስልክ በቂም ይደውለው በምሕረት አላውቅም፤ የመጠየቅ አፍም የለኝም።

«ደረስሽ?» አለኝ።

«ደረስኩ» አልኩት።

«ጥሩ ነው» አለና ፊቱን አዙሮ ማልቀስ ጀመረ። የሚያለቅሰው ለአባቴ እንዳልሆነ አውቃለሁ።