የካድኩት መርፌ

ባለፈው ሳምንት ትንሿን ልጄን ለክትባት ጤና ጣቢያ ይዣት ሄጄ፣ ነርሷ ጥጥ በአልኮል ነክራ ክንዷን ስትጠርግላት ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ልጅቱ ገና ሳትወጋ የእኔ ዓይን እንባ አቀረረ። ነርሷ "እናትየዋ ከልጅቱ ባሰች እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ። ለእሷ ምን ብዬ ላስረዳት? ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለው እርሻችን ከአባቴ ጋር እንኖር ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነው። አባቴ በጉብዝናው ከደጋ ወርዶ፣ በዚህ በረሃ ሰሊጥና ማሽላ ሲያርስ ያረጀ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ካላዛር የሚሉት የበረሃ በሽታ ይዞት፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሞቱን ሲጠብቅ በመርፌ ብዛት ድኗል። "እኔ የመርፌ ልጅ ነኝ" ይል ነበር እየሳቀ። መርፌ የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያዥልኝ።

የኮሮና ክትባት ሸሕዲ ከተማ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ገብቶ ነበር። አዲስ ነው፣ በሰው አልተሞከረም፣ ደም ያረጋል፣ እንትና ተወግቶ በማግስቱ ሞተ። እንትና ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ለሴት ደግሞ የብቻዋ ወሬ ነበራት፤ ማኅፀን ያደርቃል ተባለ።

እኔ የተከተብኩት ለትራክተራችን ሞተር ቺንጋ፣ ቀበቶውን ማለቴ ነው፣ ልገዛ ሸሕዲ የሄድኩ ቀን ነው። አብሮ አደጌ ጤና ጣቢያው ውስጥ ትሠራ ነበር። "ወሬውን እኔም ሰምቻለሁ። ተወግቻለሁ፣ ይኸው አለሁ" አለችኝ። ተራዬን ስጠብቅ ሁለት ጊዜ ከአግዳሚው ተነሳሁ። ኋላ አባቴ ትዝ አለኝ። በሽታውን ከከተማ ይዤለት ብገባስ? ተመልሼ ተቀመጥኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ያን ሌሊት ትኩሳት ያዘኝ፤ ለአባቴ ፀሐይ መታኝ አልኩት። ካርዱን ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ሥር ደበቅኩ።

ለምን ደበቅሽ በይኛ። ታጭቼ ነበራ። እጮኛዬ እስከ መተማ ሰሊጥ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። እናቱ "ያን መርፌ የተወጋች ምራት የእኔን ደጅ አትረግጥም" ማለታቸውን ሰምቼ ነበር።

አጨዳ እንደተጀመረ እኒሁ ሴትዮ የሠርጉን ነገር ሊጨርሱ እርሻችን ድረስ መጡ። ከአባቴ ጋር በአገዳ በተከደነችው ራኩባ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሙቀቱ ያፍናል። ከማዶ የጎጃም አጫጆች ጎንበስ ብለው ያንጎራጉራሉ፤ የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ ቆሞ፣ ግማሽ እርጥብ የሆነው አገዳው ይሸታል። እኔ ውኃ ይዤላቸው ቀረብኩ።

"እስቲ ነይ ልጀ" አለኝ አባቴ። "ነገ የክትባት ሰዎች ኮኪት ይመጣሉ አሉ። እኔ እንደሁ ማንበብ አልችል፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ያወራል። የተማርሽው አንች ነሽ። ተከትበሻል ወይ? አንች ከተከተብሽ እኔም ነገ ማለዳ እሄዳለሁ።"

ሴትዮዋ ብርጭቆውን ከአፋቸው ሳያወርዱ አዩኝ።

"ኧረ ምን ቆርጧት በወጣትነቷ!" አሉ፤ "ነገ ወልዳ የምትስም ልጅ እኮ ናት!"

"አልተከተብኩም" አልኩ።

አባቴም፣ "በቃ እንግዲህ፤ የተማረችው የተወችውን እኔ ምን አውቄ እገባበታለሁ" አለና ወሬው ወደ ድግሱ ዞረ።

ሴትዮዋ ሲሄዱ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ሲሄዱ ግን አባቴ ወደ አጫጆቹ ወረደ። በማግስቱ የክትባት ሰዎቹ መጥተው ሄዱ። አባቴ ውሸት አያውቅበትም፤ ብነግረው ለአማቾቼ ያወጣዋል ብዬ ፈራሁ። ከሠርጉ በኋላ፣ ከሠርጉ በኋላ እያልኩ ቀኑን ገፋሁት።

ሠርጉ ሳይደርስ አባቴ ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ የሰሊጡ አቧራ ነው አልን። በአራተኛው ቀን ከአልጋው እስከ በር መራመድ አቃተው፤ ሸሕዲ ወሰድነው። ለብቻው ክፍል አስገብተው ኦክስጅን አደረጉለትና ወደ ጎንደር የሚወስደው አምቡላንስ ተጠራ። የዚያን ቀን ተረኛው የማላውቀው ነርስ ነበር። መከተቤን ስነግረው ማስክ ሰጥቶ እንድገባ ፈቀደልኝ።

ገና አንድ እግሬን ሳስገባ አባቴ እጁን አነሳ።

"እዚያው! አትጠጊ ልጀ። አንች አልተከተብሽም።"

"ተከትቤያለሁ አባባ። ያን ጊዜ አማቴን ፈርቼ ነው የዋሸሁት።"

አፉና አፍንጫው ተሸፍኗል፤ ዓይኑ ግን ሲስቅ አየሁት።

"ልትጠጊኝ ብለሽ ነው የምትዋሽ" አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "አላውቅሽም እንዴ?"

"እመቤቴን! ተከትቤያለሁ! ካርዱ እቤት ሻንጣዬ ውስጥ አለ!"

"ተይ አትማይ። ገና ትወልጃለሽ፣ ቤት ትይዣለሽ። ውጭ በይ፣ ውጭልኝ።"

እንዳልቀርበው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስጠጋው ስለሚጮህ፣ ሲጮህ ደግሞ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነርሱ ይዞ አስወጣኝ። እጁን ሳልይዝ አምቡላንሱ ወሰደው። ጎንደር ሦስት ቀን ቆየ።

ቢከተብ ይተርፍ ነበር ወይ? ሐኪም አይደለሁም። ሊከተብ የተነሳውን ሰው ያስቀመጥኩት እኔ እንደሆንኩ ብቻ አውቃለሁ።

ሠርጉ ዓመት ቆይቶ ተደረገ። ይኸውልሽ፣ ሁለት ወልጃለሁ። አማቴ በአባቴ ሞት ደንግጠው ወር ሳይሞላ ራሳቸው ሄደው ተከተቡ፤ አሁን ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጆቼን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው። የአባቴ ስም ሲነሳ ታዲያ ሁልጊዜ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"ግትር ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ክትባት እምቢ ብለው በከንቱ ቀሩ" ይላሉ ለመጣው እንግዳ ሁሉ።

እኔም ሻያቸውን እቀዳላቸዋለሁ።