አካያማና የኮሎኔሉ ግንብ

ከማዘጋጃ ቤት የሚላኩት ልጆች ጠዋት መጥተው በሩ ላይ ቀይ ምልክት ይቀባሉ፤ አካያማ ደግሞ ቅጠሏን ሸጣ ስትመለስ ሳሪዋን ወደ ላይ ሸብ አድርጋ በአመድና በሳሙና ትፈገፍገዋለች። እነሱም አይሰለቹ፣ እሷም አትሰለች። ምልክቱ ቤቱ ይፈርሳል ማለት ነው።

"እማዬ፣ ቀለሙን ብታጠፊው ትእዛዙ አይጠፋ። ምን ያደክምሻል?" አላት ልጇ ሙኒራጁ።

"ትእዛዙ ያለው እነሱ ቢሮ ነው። በሩ ግን የኔ ነው። በሬ ላይ ማንም እየመጣ አይሞነጫጭርም!"

እንዲህ ናት። የተወለደችው ከሐይቁ በታች ባለችው በዚህችው መንደር ነው፤ የተዳረችውም ከአባቷ ቤት እልፍ ብሎ ነው። ልጇ ሙኒራጁ ገና ጡት ሳይተው ባሏ ሞተባት። ከዚያ በኋላ በሐይቁ ዳር ጎመንና ድንብላል እየዘራች፣ በቅርጫት ተሸክማ መስቀለኛው መንገድ ላይ እየሸጠች ልጇን አሳደገች፤ ጡብም በጡብ ላይ እየጨመረች ቤቷን ሠራች። ያን ጊዜ ትልቁ የሕንድ ከተማ ቤንጋሉሩ ማለት በአውቶቡስ የሚኬድበት ሩቅ አገር ነበር። አካያማ ወደ ከተማ ሄዳ አታውቅም ማለት ይቻላል። ከተማው ነው እየተንፏቀቀ መጥቶ ያገኛት።

ሲመጣ ደግሞ ዝም ብሎ አልመጣም። ከላይ ያለው ሐይቅ ሲሞላ ወደዚህኛው ይፈስስ ነበር፣ ይኸኛው ሲሞላ ወደ ታችኛው። የላይኛው ዛሬ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሆኗል። የታችኛው ተደልድሎ ሱቅ በሱቅ ነው። መሐል ላይ የቀረው የአካያማ ሐይቅ ብቻ ነው፤ እሱም በበጋ ይደርቃል። ያን ጊዜ ቧንቧው ያፏጫል እንጂ አይፈስስም፣ አፓርታማዎቹም በቦቴ ውሃ ይገዛሉ። ክረምት ሲገባ ያው ከተማ በውሃ ይታፈናል። ሰማይ የሰጠውን መቀበያ ደፍኖ፣ መሄጃውንም ደፍኖ፣ ከዚያ "ጎርፍ መጣብን" ብሎ ይጮኻል። ውሃው ምን ያድርግ? ወይ ክንፍ አያወጣ!

የሐይቁ ትርፍ ውሃ የሚወርድበት የድንጋይ አፍ አለ። ጋንጋማ የምትቀመጠው እዚያ ነበር። ጋንጋማ የውሃ እመቤት ናት፤ የመንደሩ ጋንጋማ ቁመቷ ክንድ የማይሞላ፣ የብር ዓይን የተለጠፈላት ጥቁር ድንጋይ ነች። ሐይቁ ሞልቶ በአፉ መፍሰስ ሲጀምር ሴቶቹ ሰፌድ ላይ እርድ፣ ቀይ ዱቄት፣ የመስታወት አምባር፣ ሙዝና ኮኮናት ደርድረው ለውሃው ይሰጣሉ። ሰፌዱ ተንሳፍፎ ከአፉ የሚጀምረውን ቦይ ይዞ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ በመንደሩ ማንም መሬት አይቆፍርም። ይህን ሕፃኑም ያውቃል።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ የሕንፃ ተቋራጭ በትልቅ መኪና መጣ። "እመቤታችን እንዴት ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅባታል? መንገድ ዳር የእብነ በረድ ቤት ልሥራላት" አለ። መንደሩ በደስታ አበደ። እንደ ልማዱ እሷው ትጠየቅ ተባለና፣ የጋንጋማ አገልጋይ ፒላና እርጥብ አበባ በድንጋይዋ ቀኝና ግራ ለጠፈ። የቀኙ ከወደቀ እሺ ነው፣ የግራው ከወደቀ እምቢ። የቀኙ ወደቀ። ታምቡር ተመታ፣ አካያማም ከሌሎቹ ሴቶች ጋር የዘይት መብራት ራሷ ላይ ተሸክማ ጋንጋማን ወደ አዲሱ ቤቷ ሸኘች።

ወር ሳይሞላ ተቋራጩ አፓርታማውን ማቆም ጀመረ፣ የግቢውንም ግንብ ከሐይቁ አፍ በታች ቦዩ ላይ ዘረጋው። እመቤት የተቀመጠችበትን ቦታ የሚደፍር ሰው በዚያ አገር የለም። እመቤቲቱ የተነሳችበት ቦታ ግን ባዶ መሬት ነው። ለውሃው የተተወለት መሄጃ አንዲት ጠባብ ቱቦ ነበረች፤ እሷም በመጀመሪያው ክረምት በፌስታል ተደፈነች። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ውሃው ግንቡን ገጭቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የአካያማ መንደርም እስከ አልጋ ድረስ ይዋኛል።

ዘንድሮ ጎርፉ ዋናውን መንገድ ስለዘጋ ጋዜጣው ጮኸ። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ነገር አፍርሶ መታየት ነበረበት። የአፓርታማውን ግንብ መንካት ከባድ ነው፤ ነዋሪው ስልክ የሚደውልለት ሰው አለው፣ የነዋሪዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበርም ጡረታ የወጣ ኮሎኔል ነው። የቅጠል ሻጭ ቤት ግን ማን ይደውልለታል? የአካያማና የጎረቤቶቿ ቤቶች "ቦይ ላይ የተሠሩ" ተባሉ። ቦዩ እኮ አጠገባቸው ነው፣ እነሱ ቦዩ ላይ አልወጡ! አካያማ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ፈራች፤ መፍራቷን ግን ለማንም አልተናገረችም። ሐይቁ እንደገና መፍሰስ የጀመረ ቀን በቀጥታ ወደ እብነ በረዱ ቤት ሄደች።

ፒላና ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቅጠል ያኝካል። አብሮ አደጓ ነው።

"አንተ ፒላና፣ ያን ጊዜ እመቤቲቱን ምን ብለህ ነበር የጠየቅካት?"

"ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? አዲስ ቤት ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት።"

"እና?"

"እናማ የቀኙ ወደቀ። አንቺስ ቆመሽ ስታዪ አልነበረም?"

"አንተ ጅል! አዲስ ቤት ይሠራልሽ ሲባል እምቢ የሚል ማን አለ? እኔንም ብትጠይቀኝ በቀኝ ነው የምወድቀው! ከሐይቁ አፍ ትነሺያለሽ ወይ ብለህ ጠየቅካት?"

ፒላና ማኘኩን አቆመ። አልጠየቃትም። ከመንደሩም ማንም ይህን ጠይቅልን አላለውም፤ ሁሉም የእብነ በረዱን ነጭነት ነበር የሚያየው።

"አሁን ጠይቃት። ወደ ሐይቁ አፍ ትመለሺያለሽ ወይ በላት።"

"አንቺ ሴትዮ፣ የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ቢሰማ ከሥራዬ ያስወጣኛል።"

"ኮሚቴውን አይደለም የምታገለግለው። ጠይቃት አልኩህ!"

ጠየቃት። አበባውን በውሃ ነክሮ ለጠፈ፣ ደወሉን አቃጨለ፣ መንደርተኛው ተሰብስቦ አንገቱን አሰገገ። የቀኙ አይወድቅ፣ የግራው አይወድቅ። ቆሙ፣ ቆሙ። አንዱ ሕፃን ራበኝ ብሎ አለቀሰ።

"ዝም አለች" አለ ፒላና እፎይ እያለ። "አልፈቀደችም ማለት ነው።"

"አኩርፋለች ማለት ነው" አለች አካያማ። "እኔም ብሆን አኮርፋለሁ። ከቤቷ አስወጥተን እኮ ነው መልሰን ፈቃድ የምንለምናት!" የሳሪዋን ጫፍ ጠምጥማ ራሷ ላይ አደረገች። "በሉ ሴቶች፣ አንሱልኝ።"

የጎረቤቷ ልጅ ሮጃ ቀድማ ገባች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ድንጋይዋን ራሷ ላይ አወጡላት፤ አንገቷ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ሄደች። ፒላናም "ጉዴ ፈላ፣ ጉዴ ፈላ" እያለ ደወሉን ይዞ ከኋላ ተከተለ። የሐይቁ አፍ ላይ፣ ጥንት በነበረችበት ድንጋይ ላይ አስቀመጧት።

በማግስቱ ጠዋት ኤክስካቫተሩ መጣ። አንዲት ወጣት ኢንጂነር ጫማዋ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ከፊት ትመራዋለች። ወደ ቤቶቹ የሚያስገባው መንገድ በሐይቁ አፍ በኩል ነው፤ ሾፌሩ እዚያ ሲደርስ ጋንጋማን አየ፣ ሰፌድ ይዘው የቆሙትን ሴቶች አየ፣ ሞተሩን አጠፋ። ነጠላ ጫማውንም አውልቆ ወረደ።

"ምን ሆንክ?" አለችው ኢንጂነሯ።

"እትዬ፣ ሰፌዱ ሳይሸኝ መሬት አልነካም። እኔም ልጆች አሉኝ።"

"እንግዲያው ቶሎ ሸኙት።"

አካያማ ሰፌዱን በጋንጋማ እግር ሥር ለውሃው ለቀቀችው። ሰፌዱ ተንሳፍፎ ወረደ፣ ግንቡን ገጨ፣ ዞረ፤ እየተሽከረከረም ተመልሶ እግሯ ሥር መጣ። ደግማ ላከችው። ደግሞ ተመለሰ። ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ስጦታ ሲመለስ ከዚያ የሚብስ ነገር የለም።

"አያችሁ?" አለች አካያማ። "ሰፌድ ያላሳለፈ ግንብ ሐይቅ ሊያሳልፍ ነው? ሰፌዱ ካልሄደ ደግሞ ዛሬ እዚህ መንደር ቁፋሮ የለም!"

ኢንጂነሯ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እማማ፣ ቦዩ በግንቡ ሥር እንደሚያልፍ አውቃለሁ። የመጣሁ ዕለት ነው ያወቅኩት። የተሰጠኝ ትእዛዝ ግን በእናንተ ቤት ላይ ነው፣ በግንቡ ላይ አይደለም።"

"አንቺን አዘዙሽ። እኔን ማን አዘዘኝ?" አለችና ከሙኒራጁ እጅ ዲጂኖውን ነጠቀች።

"ኧረ አካያማ!" አለ ፒላና። "ሰፌዱ ሳይሄድ ብረት ይነሳል?"

"መሬት አይቆፈርም ተባለ እንጂ ብሎኬት አይፈርስም አልተባለ!"

ከሰገነቱ ላይ ኮሎኔሉ ፒጃማውን እንደለበሰ ጮኸ። "አንቺ ሴትዮ! የግል ንብረት ነው! ጥበቃ! ጥበቃ!"

"ጥበቃዎቹን መኪናዎን እንዲያወጡ ይላኳቸው!" ብላ መለሰችለትና ግንቡን መታችው። አንዴ መታች፣ ፍርፋሪ ወደቀ። ሮጃ የወፍጮ መጅ ይዛ መጣች፣ ሌላዋ መጥረቢያ። ኢንጂነሯ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች፤ ማንም ግን አልደወለላትም። ግንቡ ስንጥቅ ሲያወጣ ውሃው ራሱ ትከሻውን ሰጠ፣ ብሎኬቱም ተግተልትሎ ወረደ። ሰፌዱ ሙዙንና አምባሩን እንደያዘ በክፍተቱ ሾልኮ፣ የግቢውን ሣር አቋርጦ፣ ወደ ምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ገባ። ሴቶቹ ጮኹ፣ አንዳንዶቹ በደስታ አለቀሱ። አካያማም አለቀሰች፣ ግን ዲጂኖውን አልጣለችም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከመንደሩ ውሃው ጎደለ፤ ኤክስካቫተሩም ያን ቀን ቤት ሳይነካ ተመለሰ።

ከሦስት ቀን በኋላ ኮሎኔሉ ቤቷ ድረስ መጣ። በጭቃው ላይ በጥንቃቄ እየረገጠ፣ ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ይዞ። አካያማ ድብልብል የዳጉሳ ገንፎዋን እየበላች ነበር፤ ተነሥታ ወንበር ሰጠችው።

"እማማ፣ ጠብ አልፈልግም" አለ። "ማዘጋጃ ቤቱን አነጋግሬያለሁ። የእርስዎ ቤት ከሚፈርሱት ይወጣል፣ ግንቡን በማፍረስዎ የመሠረትነውንም ክስ እናነሳለን። እመቤቲቱን ወደ ቤተ መቅደሷ ይመልሱልን፣ እኛም ግንባችንን እንጠግን። ይኸው ነው።"

"የሌሎቹስ ቤት?"

"ለእርስዎ ነው የለመንኩት። ይመኑኝ፣ እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት። የዕድሜ ልክ ጡረታዬ እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ቦይ ላይ ነው ብሎ የነገረኝ የለም።"

አንጀቷን በላት። ሽማግሌው እውነቱን ነበር።

"እንግዲያው የሸጠልዎትን ሰውዬ ይክሰሱ" አለችው። "ውሃውን ግን አይክሰሱት።"

"እማዬ፣ እሺ በይ" አለ ሙኒራጁ፤ ድምፁ ይለምናል። "በእናትሽ፣ እሺ በይ። ቤታችን እኮ ነው!"

ዞራ ቤቱን አየች። እዚያ ጥግ ነው የወለደችው። ያ ግድግዳ የስንት ዓመት ጎመን ነው። እሺ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሞ የነሮጃ አልጋ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ታያት።

"የኔ ቤት ደረቅ ሆኖ መንደሩ ሲሰጥም በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው? አይሆንም፣ ኮሎኔል። ግንቡን ከሠሩት እንደገና አፈርሰዋለሁ። ቁርጡን ይወቁት።"

በሳምንቱ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ፖሊስ ይዘው መጥተው ቤቷን አፈረሱት። የሷን ብቻ፣ ለመቀጣጫ። ሌሎቹን አልነኩም፤ የሰፌዱ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ከዚያ በላይ መድፈር አልፈለጉም። የተከፈተውን ግንብ ለመድፈንም ጋንጋማ እዚያ ተቀምጣ እያየች ሥራውን የሚቀበል ግንበኛ ጠፋ። አካያማ በሮጃ ቤት ወለል ላይ ተኛች፣ ጠዋት ጠዋትም እንደ ወትሮዋ ቅጠሏን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ያ ትልቁ ዝናብ ጣለ። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ አላባራም። መናኸሪያው ተጥለቀለቀ፣ ዋናው መንገድ ተዘጋ። ኢንጂነሯ ጃንጥላ ይዛ ስትመጣ ውሃው በሐይቁ አፍ ወርዶ በክፍተቱ እየጮኸ ያልፋል፤ መንደሩ ውስጥ ግን ልጆች በር ላይ ቆመው ዝናብ በእጃቸው ይቀበላሉ። አካያማ በፍርስራሿ መሐል ቆማለች፣ ፀጉሯ በስብሶ።

"ይቅርታ፣ እማማ" አለች ኢንጂነሯ። "ላስቆመው አልቻልኩም።"

"ይቅርታሽን ተይውና ወደ ታች እዪ። ዝናቡ የሚጥልብኝ ከላይ ነው እንጂ ከሥር የሚመጣ ውሃ አለ?" አካያማ ወለሉን በእግሯ መታ መታ አደረገችው። "የለም። ጎርፍ አልደረሰበትም። ቤት የሚሠራው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሂጂና ለአለቆችሽ ንገሪያቸው፤ ነገ እዚሁ ጡብ አስወርዳለሁ።"