«ጉልበቱ» የተባለውን ሰው በስሙ የጠሩት መምህር

ኦቦ ዲንሳን ለምታውቁ ሁሉ። የታሪክ መምህራችንና ገጣሚያችን ባለፈው ሳምንት ማለዳ ላይ፣ ሰበታ በሚገኘው ቤታቸው፣ ልጃቸው ሲፈን እጃቸውን እንደያዘች አርፈዋል። በማግስቱ ቀበርናቸው። ከዓለም ገና፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣው ለቀስተኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተርፎ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ነበር። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ግን ትልቁ ሥራቸው በአንድ መስመር ታለፈ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

እኔ ተማሪያቸው ነበርኩ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ «ባሪያ» ብሎ ሰደበኝና ክፍሉ ሳቀ። ኦቦ ዲንሳ ጠመኔውን አስቀመጡ። አልጮኹም። «ቅድመ አያቴ በገንዘብ የተገዛ ሰው ነበር» አሉ። «ስለ ባሪያ ማወቅ የሚፈልግ ካለ እጁን ያውጣ። የልጅ ልጁ ልጅ ይኸው እዚህ ቆሜያለሁ።» ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ እኔ መጥተው፣ «አንገትሽን ቀና አድርጊ። ማፈር ያለበት ሌላ ሰው ነው» አሉኝ። ዛሬ እኔም የታሪክ መምህርት ነኝ፤ እዚያው ትምህርት ቤት ባልደረባቸው ሆኜ ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ።

ቅድመ አያታቸው ገና በልጅነቱ ከጅማ ማዶ ተነድቶ ወደ ሰበታ የመጣ ሰው ነው። በገንዘብ የገዛው ሰው «ጉልበቱ» የሚል ስም አወጣለት። በቤተሰቡ ውስጥ የቀረው ወሬም ስለ ሰውነቱ ብቻ ነበር፤ የወፍጮ ድንጋይ ብቻውን ማንሳቱ፣ የጫንቃው ስፋት። ኦቦ ዲንሳ ይህን ሙገሳ አይወዱትም ነበር። «በሬም የሚመሰገነው እንዲሁ ነው» ይሉ ነበር። «እኔ የምፈልገው ሰውየውን ነው።» ትምህርት በማይኖርበት ቀን ሚኒባስ ተሳፍረው ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ይውሉ ነበር። ብዙዎቹ «ተወው፣ ይህ ነገር አይነሳ» እያሉ መልሰዋቸዋል።

አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሱሉልታ ሄድኩ። የገዢው የልጅ ልጅ የሆኑት እማማ ወርቄ እዚያ ተድረው እዚያው አርጅተዋል። ኦቦ ዲንሳ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሰጡና የመጡበትን ነገሯቸው። የአሮጊቷ ፊት ጠቆረ።

«ልትወቅሰኝ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም እማማ። ያ ሰው የሚያስቀው ምን እንደነበር አንቱ ያውቁ እንደሁ ብዬ ነው።»

እማማ ወርቄ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አባቴን ያሳደገው እሱ ነው» አሉ። «አንድ ቀን ጥጃዋን ከእናቷ ለይተህ ገበያ ንዳ ቢሉት እምቢ አለ። ገረፉት። በማግስቱም እምቢ አለ። ለአባቴ፣ ‹እኔንም ከእናቴ እንዲህ ነው የለዩኝ› ብሎታል። ደግሞ ስሙ ጉልበቱ አልነበረም። ብቻቸውን ሲሆኑ ‹ሻዎ ብለህ ጥራኝ› ብሎ አባቴን ለምኖታል። የሚስቀው ያኔ ነው፤ ሻዎ ሲባል።»

ኦቦ ዲንሳ ስሙን ቀስ ብለው ደገሙት። ከዚያ ተነስተው የእማማ ወርቄን ጉልበት ሳሙ፤ አሮጊቷም አቅፈዋቸው አለቀሱ።

«ሻዎ» የተባለው ረጅም ግጥም የተወለደው ከዚያ ጉዞ ነው። ሰበታ አዳራሽ ሊነበብ ቀን ሲቆረጥለት ግን ሲፈን ታጭታ ነበር። የኦቦ ዲንሳ ታላቅ ወንድም ቤታቸው መጡ። እኔም ነበርኩ።

«ሰርጉ ይለፍና እንደፈለግህ አንብብ» አሉ። «የልጁ ቤተሰቦች አጥንት ይቆጥራሉ። በገዛ እጅህ ልጅህን ያለ ባል አታስቀራት!»

ኦቦ ዲንሳ ሲፈንን ጠሯት። «ነገሩ ያንቺ ነው። አታንብብ ካልሽኝ አላነብም።»

«አባዬ፣ ተደብቄ ገብቼ ዕድሜ ልኬን ስደበቅ ልኖር ነው?» አለች። «አንብበው።»

አነበቡት።

ጫንቃውን አወሱ፣ ክንዱን አደነቁ፣
ስንት ጭነት ቻለ፣ እሱን ብቻ አወቁ፤
ማንን ናፍቆ ኖረ፣ ምን ያስቀው ነበረ፣
ጠያቂ ያጣ ልብ አብሮት ተቀበረ።

የእጮኛዋ አባት ግጥሙ ሳያልቅ ተነስተው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ቀለበቱ ተመለሰ። ወንድምየውም ከኦቦ ዲንሳ ጋር ተኳረፉ። ሲፈን ያን ክረምት በእንባ አሳለፈችው። «ይቆጭዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የልጄ እንባ ይቆጨኛል» አሉኝ። «ከግጥሙ ግን አንድ ቃል አልመልስም።» አልመለሱምም። ቡራዩ አነበቡት፣ ለገጣፎ አነበቡት፤ ድምፃቸው ሲደክም ግማሹን ሲፈን ታነብላቸው ጀመር። ዛሬም አላገባችም። ለሚጠይቃት ሁሉ «ማን እንደሆንኩ አውቆ የሚመጣ ይምጣ» ትላለች።

ኦቦ ዲንሳ አልጋ ከያዙ በኋላ ወንድማቸው ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ይቅርታ አልጠየቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «እስቲ እኔም ልስማው» አሉ። ሲፈን አነበበችላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ኦቦ ዲንሳ፣ መምህሬ፣ እርስዎ ያላዩትን አንድ ነገር ልንገርዎ። በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ከገፈርሳ የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። «የእኔም አያት የተገዛች ናት» አሉኝ፤ «ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።» ብዙ የሚያወሩት እንዳለ ከዓይናቸው ያስታውቅ ነበር። እንግዲህ እርስዎ ይረፉ፤ አፈሩ ይቅለልዎት። እኔና ሲፈን የፊታችን ቅዳሜ ገፈርሳ እንወርዳለን። ሽማግሌው በጠዋት ኑ ብለውናል።