ሰው ሳይሞት የነፋሁት ጥሩምባ

የቅሬያችን፣ የሰፈሩ እድር፣ ጥሩምባ ነፊ እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት እነፋለሁ፣ ሰፈሩ አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል፣ ቀብረን እንመለሳለን። ለስብሰባ ንፋ ሲሉኝም እምቢ ያልኩ ሰው ነኝ።

ጦርነቱ ከተማችን መርሳ የገባ ጊዜ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፤ ፓምፑ ስለቆመ የቧንቧ ውሃም ጠፋ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሰው ከወንዝ መጠጣት ጀመረ። ከዚያ ተቅማጡ መጣ። በአንድ ሳምንት ለሦስት ሰው ነፋሁ፤ ሦስቱም ገና ወጣቶች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ ሊቀመንበር የነበረችው ልጅ መጣች። አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ፈተናዋ ቀርቶባታል።

«አባባ፣ ጥሩምባውን ይንፉልኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ወጣቶቹን ልሰበስብ ነው። ውሃ አፍልቶ መጠጣትን፣ ለታመመ ሰው ስኳርና ጨው መበጥበጥን ላሳያቸው። በየቤቱ ብሄድ ወታደር እየመሰልኳቸው አይከፍቱልኝም። ለቀብር ግን የሚቀር የለም።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የሬሳ ጥሩምባ ነው። የትምህርት ቤት ደወል መሰለሽ?»

«እንግዲያው ይቀመጡ። ሰሞኑን ለእኔም ይነፉልኛል።»

አፈኛ! ተናደድኩ። ግን ልክ ነበረች። ወጥቼ ነፋሁ።

ሌላ ጊዜ ስነፋ ውሻ ይጮሃል፣ ሴቶች ዋይ ይላሉ። ያን ቀን ምንም የለም። በሮች ቀስ ብለው ተከፈቱ፤ ሰው አንድ አንድ እያለ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አካፋውን ይዞ የቅሬው ድንኳን ያለበት መጋዘን ደጃፍ ቆመ።

«ኢና ሊላሂ! ማነው?» አሉኝ የቅሬው ዳኛ።

«ማንም አልሞተም።»

ያመነኝ የለም። ልጅቱ ጀሪካን አንስታ ስለ ውሃው ስታስረዳ እንኳ ሁሉም እርስ በርስ ይተያያል። የጎደለውን ነው የሚፈልጉት። እኔም ሳላስበው መፈለግ ጀመርኩ።

«ባጃጅ ነጂውስ?» አለች አንዷ ሴት።

ከእኔ ቤት ጀርባ ብቻውን የተከራየ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ወልድያ ናቸው። ቅሬ ሲጠራ ቀርቶ አያውቅም።

ሄድን። አካፋውን ያስቀመጠ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጁ በጀርባው ተኝቷል፤ እግሩን አጋጥሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንሶላውን እስከ አገጩ ስቦ። እኛው ገንዘን ያስተኛነው ነው የሚመስለው። ዳኛው ከደጅ ሆነው ዱዓ ጀመሩ።

«ቆይ፣ ይተነፍሳል!» አለች ልጅቱ።

ስኳርና ጨው በጥብጣ ከንፈሩን አራሰችው። በማንኪያ ጠብ እያደረገች ብዙ ቆየች። አንዴ ዋጠ። ደግሞ ዋጠ። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠ።

«ጥሩምባውን ሰማሁት» አለ፤ ድምፁ እንደ ትንፋሽ ነው። «ልነሳ ነበር። ከዚያ፣ ለእኔ ነው የተነፋው ብዬ ተስተካክዬ ተኛሁ።»

የነፋሁት እኔ ነኛ!

«ለትምህርት ነው የተነፋው» አልኩት።

በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው።

«ታዲያ አካፋው ለምንድን ነው?»

ማንኪያውን ከልጅቱ ተቀብዬ አፉ ላይ ያዝኩለት።

«ዝም ብለህ ዋጥ» አልኩት።